ገፊ ወይስ ሳቢ ትራክተር? በተያያዥ ፎርም ወረቀት የሚቆጥበው የቱ ነው

በዶት ማትሪክስ ፕሪንተር ደረሰኝና ቫውቸር በሚያትም ቢሮ፣ ባዶ ፎርም አብሮ መቀደዱ በአብዛኛው ትራክተሩ (የተያያዥ ፎርሙን የጎን ቀዳዳዎች በጥርሶቹ ይዞ ወረቀቱን የሚያንቀሳቅሰው ክፍል) ከተገጠመበት ቦታ ይመጣል።

ብክነት
ገፊ፦ ከማተሚያው ጭንቅላት በፊት ይቀመጣል። የታተመው ፎርም ሙሉ በሙሉ ሲወጣ ቀጣዩ ከጥርሶቹ አይለቅም። «ቴር ኦፍ» (መቅደጃ) የሚለውን ቁልፍ ሲጫኑ በሁለት ፎርሞች መካከል ያለው የቀዳዳ መስመር ከመቅደጃው ጠርዝ ጋር ይገጥማል፤ ከቀደዱ በኋላ ወረቀቱ ወደ ኋላ ተመልሶ ከቀጣዩ ፎርም አናት ይጀምራል። ባዶ የሚሄድ ፎርም የለም።
ሳቢ፦ ከጭንቅላቱ በኋላ ስለሆነ ጥርሶቹ ሁልጊዜ ወረቀት መያዝ አለባቸው። በቀደዱ ቁጥር አንድ ባዶ ፎርም ይባክናል። ደረሰኙ ቁጥር ቀድሞ የታተመበት ከሆነ ያለፈው ቁጥር «ቮይድ» (የተሰረዘ) ተብሎ ከነቅጂዎቹ መቀመጥ ስላለበት ለሂሳብ ሠራተኛውም ጣጣ ነው። 200 ፎርም በአንድ ጊዜ ካተሙ ግን ጉዳቱ ኢምንት ነው።

መጨናነቅ
ገፊ፦ ባለብዙ ቅጂ ወፍራም ፎርም መሃል ላይ ሊታጠፍበት ይችላል።
ሳቢ፦ ወጥሮ ይይዛል።

ቀኑን ሙሉ ደረሰኝ አንድ በአንድ ለሚቀድ ካሸር ገፊው ይሻላል። ለወፍራም ፎርም፣ ለረጅም የወር ሪፖርትና ለተለጣፊ ሌብል ሳቢውን እንመርጣለን። ሌብል በፍጹም ወደ ኋላ አይመለስ፤ ተላጦ ሮለሩ ላይ ይጣበቃል።

በሁለቱም የፎርሙን ርዝመት ያረጋግጡ። 11 ኢንች ማለት በኢንች 6 መስመር ሲታተም 66 መስመር ነው። ፕሪንተሩ 12 ኢንች ላይ ከተተወ ጽሑፉ በየገጹ 1 ኢንች እየወረደ ይሄዳል፤ በፕሪንተሩም በድራይቨሩም (ኮምፒውተሩ ፕሪንተሩን በሚያዝበት ፕሮግራም) ያስተካክሉት።