የትንሿ ትራክተር ፎር ዊል በመሀል አዲስ አበባ፦ የአንድ በጋና የአንድ ክረምት ልምድ

በካዛንቺስ፣ በአራት ኪሎና በቀበና ወንዝ ዳር ባሉ ሰፋፊ ግቢዎች የአትክልት ቦታ በማልማት ሥራ እተዳደራለሁ። ባለ 25 የፈረስ ጉልበት የናፍጣ ትራክተሬ አንድ በጋና አንድ ክረምት ሙሉ አፈርና ፍግ ስታመላልስ፣ ሣር ስታጭድና ፍርስራሽ ስታነሳ ቆይታለች። ነዳጅ ቆጣቢ ናት፣ መሪዋም ቀላል ነው፤ መቀመጫዋ ግን ቀኑን ሙሉ ለሚሠራ ሰው አይመችም። ይህ ግምገማ በዋናነት የሚመለከተው ገዢው ተጨማሪ ገንዘብ ስለሚከፍልበት፣ መቼ እንደሚገባና መቼ እንደሚወጣ ግን ሻጮች እምብዛም ስለማያስረዱት ስለ ፎር ዊሉ፣ ማለትም ሞተሩ አራቱንም ጎማዎች እንዲነዳ ስለሚያደርገው አሠራር ነው።

በመሀል ከተማ ሥራ ፎር ዊል አብዛኛውን ሰዓት መውጣት አለበት። እንዲህ ባሉ ትራክተሮች የፊት ጎማዎች ከኋላዎቹ ያነሱ ሲሆኑ፣ የፎር ዊሉ ማንሻ ሲገባ የፊቱና የኋላው አክስል፣ በመካከላቸው ዲፈረንሻል (የፍጥነት ልዩነታቸውን የሚያቻችል የጥርስ ስብስብ) ሳይኖር፣ በዘንግና በጥርስ ይያያዛሉ። ከዚህም በላይ አምራቾች የፊት ጎማዎች ወደፊት እንዲጎትቱ ሲሉ ከኋላዎቹ በጥቂት በመቶ ፈጥነው እንዲሽከረከሩ አድርገው ይሠሯቸዋል። በጭቃ ላይ ይህ ልዩነት በመንሸራተት ይካካሳል፤ በአስፋልትና በደረቅ ኮብልስቶን ላይ ግን ጎማው የሚንሸራተትበት ስለማያገኝ ይፋቃል፣ ዘንጉና ጥርሶቹም ያለ ጥቅም ይወጠራሉ። በመታጠፊያ ላይ የፊት ጎማዎች ከኋላዎቹ የሰፋ ቅስት ስለሚዞሩ ውጥረቱ ይብሳል፤ መሪው ይከብዳል፣ የመታጠፊያውም ስፋት ይጨምራል። ማንሻው አልወጣ ሲል መታገል አያስፈልግም፤ ትራክተሯን በቀጥታ መስመር ጥቂት ወደኋላ ሲመልሷት ውጥረቱ ይላላና በቀላሉ ይወጣል።

ክረምት ሲገባ ነገሩ ይለወጣል። ዋልካ አፈር ሲርስ በጎማው ጥርስ መካከል ተለጥፎ ጎማውን ልሙጥ ስለሚያደርገው፣ የኋላ ጎማዎች ብቻ የሚነዱት ትራክተር በቆመበት ይሽከረከራል። እዚህ ላይ ፎር ዊሉ መግባት ያለበት ወደ ጭቃው ከመግባት በፊት ነው፤ የኋላ ጎማዎች ጉድጓድ ቆፍረው ሆዷ መሬት ከነካ በኋላ የፊቶቹ ብቻቸውን አያወጧትም። ከትራክተሯ ፊት በሚገጠመው አካፋ አፈር ወይም ገረጋንቲ ሲጫንም እንዲሁ ነው፤ የተሞላው አካፋ ክብደቱን ወደ ፊት አክስል ስለሚያዞረው የኋላ ጎማዎች ይቀላሉ፣ መሬት የመቆንጠጥ አቅማቸውም ይቀንሳል። ለዚህ ግን ፎር ዊል ብቻውን አይበቃም፤ ከኋላ ማመዛዘኛ ክብደት ያስፈልጋል፣ እኔም ያለዚያ ክብደት አካፋውን ማንም እንዲሞላ አልፈቅድም።

ከሁሉ በላይ ትኩረት የሚያሻው ቁልቁለት ነው። በብዙ ትናንሽ ትራክተሮች ላይ፣ በእኔዋም ጭምር፣ ፍሬን ያለው በኋላ ጎማዎች ላይ ብቻ ነው። ፎር ዊሉ ሲገባ ግን የፊት ጎማዎች በዘንጉ በኩል ከኋላዎቹ ጋር ስለሚያያዙ እነሱም ይያዛሉ፣ የሞተሩም ማገቻ ለአራቱም ይደርሳል። ወደ ቀበና ወንዝ በሚወርዱት መንገዶች የተጫነ ተሳቢ ይዞ ለሚወርድ ሰው የጎማ መፋቅ ከተሳቢው ግፊት ጋር ሲነጻጸር ቀላል ኪሳራ ነው። ስለዚህ ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት ቆሞ ፎር ዊሉንና ዝቅተኛውን ማርሽ ማስገባት፣ ታች ሜዳው ላይ ሲደርሱም ማውጣት ተገቢ ነው። በሜዳ አስፋልት ላይ በፍጥነት እየነዱ ፎር ዊሉን ገብቶ መተው ግን ሌላ አደጋ አለው፤ ፍሬን ሲረገጥ አራቱም ጎማዎች በአንድ ጊዜ ስለሚያዙ ትራክተሯ ሾፌሩ ካሰበው በላይ በድንገት ትቆማለች።

አቀበት ላይ ሞተሩ ሲዳከም ፎር ዊል የሚያስገቡ ሾፌሮች አሉ። አዲስ አበባ ከባህር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስለምትገኝና አየሩ ስስ ስለሆነ፣ ተርቦ (አየር አምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው ሞተር ከተጻፈለት ጉልበት አንድ አምስተኛ ያህል ያጣል። ፎር ዊል ያለውን ጉልበት ለአራት ጎማ ያከፋፍላል እንጂ የጠፋውን አይመልስም፤ ጎማ ሳይሽከረከር ሞተሩ ብቻ ከደከመ መፍትሔው ማርሽ መቀነስ ነው።

ስለ አሠራሯ ሁለት ቅሬታዎች አሉኝ። ማንሻው ከመቀመጫው በታች ስለተደበቀና በዳሽቦርዱ ላይ የሚያመለክት መብራት ስለሌለ፣ ሾፌር ሲቀያየር ፎር ዊሉ ገብቶ መቅረቱ የተለመደ ነው። ሁለተኛው ጎማ ነው። የፊትና የኋላ ጎማዎች ልኬት እርስ በርሱ የተሰላ በመሆኑ፣ በቸርኬው ላይ የሚገጥም ሁሉ አይሆንም፤ አንድ የመለዋወጫ ነጋዴ ግን «የሚገጥም ከሆነ ችግር የለውም» ብሎ ሊሸጥልኝ ሞክሯል። ትክክለኛውን ልኬት ፈልጎ ማግኘት ጊዜ ስለሚወስድ የፊት ጎማዎቹ ከማለቃቸው በፊት ማዘዝ ይሻላል። ሥራው በሙሉ በተነጠፈ ግቢ ውስጥ ለሆነ ሰው ደግሞ በኋላ ጎማ ብቻ የሚነዳውና በዋጋ የሚረክሰው ዓይነት ይበቃዋል።