የጣሪያ ያጊ አንቴና፦ ዕቃው ጥሩ፣ መመሪያው ደካማ

ያጊ የሚባለው በአንድ ረጅም ቱቦ ላይ ዘንጎች የተደረደሩበት የቴሌቪዥን አንቴና ነው፤ አንቴናው ራሱ እንከን አይወጣለትም። አሉሚኒየሙ ጠንካራ ነው፣ ማሰሪያውም ምሰሶውን ጥብቅ አድርጎ ይይዛል። የሚያናድደው አብሮት የመጣው ወረቀት ነው። «ወደ ማሰራጫው ያዙሩት» ብሎ ያልፋል፣ የትኛው ጫፍ እንደሆነ ግን አይናገርም! ወደ ማሰራጫው የሚዞረው አጫጭሮቹ ዘንጎች ያሉበት ጫፍ ነው፤ ትልቁ አንጸባራቂ፣ ማለትም ሞገዱን ወደ ፊት የሚመልሰው ክፍል፣ ከኋላ ይቀራል። ዘንጎቹ አግድም ይሁኑ ወይስ ቁም የሚለውን የሚወስነው ማሰራጫው ነው፣ እሱን የጎረቤቶችን ጣሪያ አይቶ መገመት ይቻላል።

አቅጣጫውን ካገኘ በኋላ ምስሉ ጥርት ያለ ነው። ቴሌቪዥኑ ሴቲንግ ውስጥ ሁለት መስመሮች አሉ፣ የሲግናል ኃይልና የሲግናል ጥራት። እኔ የማምነው ጥራቱን ነው፤ ኃይሉ 90 ቢልም ከሕንፃ እየነጠረ የሚመጣ ሞገድ ከተቀላቀለበት ምስሉ ይቆራረጣል። ስለዚህ ትንሽ አዙሮ ቆም ማለት ነው፣ ቁጥሩ የሚቀየረው ዘግየት ብሎ ነውና። ዲጂታል እንደ ድሮው አናሎግ በረዶ እያሳየ ቀስ በቀስ አይደክምም፣ ወይ ይሠራል ወይ ድርግም ይላል። አዙራችሁ ስትጨርሱ ቻናሎቹን እንደገና ሰርች ማድረግ አትርሱ።

አብሮት ያለው አምፕሊፋየር (ሲግናል ማጉያ) ግን አልጣመኝም። ማሰራጫው ቅርብ ለሆነ ሰው ጭራሽ ያበላሽበታል፣ ነቅሎ መሞከር ይሻላል። ኬብሉም ቀጭን ነው፤ ባለ 75 ኦም አርጂ 6 የሚባለውን የአንቴና ኬብል ለብቻው ግዙ። መገጣጠሚያውን ደግሞ ውሃ በማያስገባ ቴፕ ጠቅልሉት።