ደብረ ብርሃን ጠባሴ ያለው የኦርጋኒክ ኬሚስትሪ ቱቶሪያል፤ ሦስት ወር ተምሬበት

"ኦርጋኒክ ኬሚስትሪ አንድ" በሚባለው ኮርስ ዲ የመጣብኝ ቀን ለማንም አልተናገርኩም። ዶርም ገብቼ ጋቢዬን ተከናንቤ ተኛሁ። ያስጨነቀኝ ግሬዱ ብቻ አልነበረም። ሲጂፒኤዬ፣ ማለትም የሁሉም ኮርስ አማካይ ነጥቤ፣ 1.96 ሆነ። እስከ መባረር ሊያደርስ የሚችለው ከ2.00 በታች መውረድ ምን ማለት እንደሆነ ዩኒቨርሲቲ የገባ ሁሉ ያውቀዋል።

እስከዚያ የወሰድኩት ጠቅላላ 90 ኢሲቲኤስ (የኮርስ ክብደት መለኪያ) ነበር። ኦርጋኒክ 5 ነው። ዲ 1 ነጥብ፣ ቢ 3 ነጥብ። ዲውን ወደ ቢ ብቀይረው 10 ነጥብ ይጨመርልኛል፤ ለ90 ሲካፈል 0.11 ይሆናል። ሌላው ባለበት ቢቆይ 2.07 እገባለሁ ማለት ነው። ይህችን ስሌት በደብተሬ ጀርባ ስንት ጊዜ እንደጻፍኳት እኔ ነኝ የማውቀው። በቃ፣ ሪፒት አደርጋለሁ፣ ኮርሱን ደግሜ እወስዳለሁ አልኩ።

ኮርሱ የሚሰጠው በራሱ ሴሚስተር ስለሆነ መጠበቅ ነበረብኝ። ሲደርስ ደግሞ ከሌላ ኮርስ ጋር ሰዓቱ ተጋጨ። ቢሮ ለቢሮ ተንከራተትኩ። የመጨረሻው መልስ "እንደምንም አስማሚው" የሚል ነበር። በሳምንት ከሁለቱ ክፍለ ጊዜ አንዱን ብቻ እየገባሁ ተማርኩ። ይሄ እስካሁን ያናድደኛል። ሪፒት የሚያደርግ ተማሪ ቀድሞውንም የወደቀበትን ትምህርት በግማሽ እንዲከታተል መደረግ የለበትም።

ቱቶሪያሉን የነገረችኝ ከላይኛው ባች ያለች ልጅ ናት። ጠባሴ ውስጥ፣ ከአስፋልቱ ገባ ብሎ ያለ የቆርቆሮ በር ያለው ግቢ ነው። ታፔላ የለውም። መምህሩ ለረጅም ዓመት ኬሚስትሪ አስተምረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። በሳምንት ሦስት ቀን፣ ከ12 ሰዓት እስከ 1 ሰዓት ተኩል ማታ ያስተምራሉ። ክፍያው በወር 700 ብር ነበር። ከስምንት ተማሪ በላይ አይቀበሉም። ዘጠነኛ ሆኖ የመጣ ልጅ ሲመልሱ በዓይኔ አይቻለሁ፤ ገንዘቡን በእጁ ይዞ ነበር።

የመጀመሪያ ቀን መጽሐፍ ክፈቱ ይሉናል ብዬ ነበር። "የወደቅሽበትን ፈተና ይዘሽ ነይ" አሉኝ። አፈርኩ። ግን በማግስቱ ይዤ ሄድኩ። ከ30 9 ያገኘሁበት ሚድ (የሴሚስተር አጋማሽ ፈተና) ነው። ነጥቡን አላዩትም፤ የሣልኳቸውን ቀስቶች ነበር የሚቆጥሩት። ከ11 ቀስት ሰባቱን በእርሳስ ከበቡና "ልጄ፣ ቀስትሽ ከየት ነው የሚነሳው?" አሉኝ። ከፕሮቶን እያስነሳሁ ወደ ኦክሲጅን ነበር የምወስደው። ቀስት የሚያሳየው የኤሌክትሮንን ጉዞ ነው። ፕሮቶን ኤሌክትሮን የለውም፤ ምን ይልካል? መነሳት ያለበት ከኦክሲጅኑ ነው፣ ኤሌክትሮን ካለው ወደ ሌለው። አንድ ሴሚስተር ሙሉ ሪአክሽን ስሸመድድ ይህን አላወቅሁም ነበር። ያን ቀን ሌላ ነገር አልተማርንም፤ እሱኑ ብቻ።

ስለዚህ ቱቶሪያል አንድ ነገር ብቻ ንገሪን ብትሉኝ የጓንቱን ነገር ነው የምነግራችሁ። እኔ የሸዋ ሮቢት ልጅ ነኝ። ሙቀት ለምጄ ያደግኩ ነኝ። ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ያለችው ደብረ ብርሃን በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጯ አጥንት ድረስ ይገባል። ስለዚህ ክፍል ውስጥም ጓንቴን አላወልቅም ነበር፤ እናቴ የገዛችልኝ ቀይ የሱፍ ጓንት ነው። ስቴሪዮኬሚስትሪ (አተሞች በሞለኪውል ውስጥ በየአቅጣጫው እንዴት እንደሚቀመጡ የሚጠናበትን) የጀመርን ዕለት ጋሼ "እስቲ የግራሽን ስጪኝ" አሉ። ወስደው ቀኝ እጃቸው ላይ ለማጥለቅ ታገሉ። አውራ ጣቱን በቦታው ሲያስገቡ የመዳፉ በኩል የእጃቸው ጀርባ ላይ ዋለ። "ሁለቱ ጓንቶች አንድ ዓይነት ክር፣ አንድ ዓይነት ቁጥር፣ አምስት አምስት ጣት አላቸው። ግን አንዱ የሌላው የመስታወት ምስል ነው፤ አንዱ በሌላው ቦታ አይገባም" አሉ። ከዚያ ጓንቱን ከውስጥ ወደ ውጭ ገለበጡት። የክሩ ቋጠሮዎች ወደ ላይ ወጡ። እንደገና ቀኝ እጃቸው ላይ አጠለቁት። ልክክ አለ።

"ኤስኤን ቱ ይሄ ነው" አሉ። ካርቦን ላይ የተያያዘው ነገር በሌላ የሚተካበት አንዱ መንገድ ነው። ኑክሊዮፋይሉ፣ ኤሌክትሮን ይዞ የሚመጣው፣ በጀርባ በኩል ገብቶ ሲገፋ ካርቦኑ እንደ ጓንቱ ይገለበጣል፤ ግራ የነበረው ቀኝ ይሆናል። በሌላው መንገድ፣ ኤስኤን ዋን ላይ ግን የሚሄደው አስቀድሞ ይሄድና ጠፍጣፋ ካርቦካታዮን (ፖዘቲቭ የሆነ ካርቦን) ይቀራል። መጪው በፊትም በጀርባም መግባት ስለሚችል ግራውም ቀኙም ተደባልቆ ይገኛል። ይህን በሀንዳውት አሥር ጊዜ አንብቤዋለሁ። የገባኝ ግን የራሴ ጓንት ሲገለበጥ ሳየው ነው። ፋይናል ላይ ጥያቄው ሲመጣ ጠረጴዛ ሥር እጄን እያየሁ ነበር የሠራሁት።

የሞለኪውል ሞዴል መግዛት አያስፈልግም። የጋሼ ባለቤት ሽምብራ ማታ ይዘፈዝፉልናል፣ ስንጥር እንሰካበታለን። አንዱ ሽምብራ ካርቦን ነው። አራት ስንጥር በ109.5 ዲግሪ ለማራራቅ ስትሞክሩ ወረቀት ላይ የሚሣለው መስቀል ውሸት መሆኑ ወዲያው ይታያችኋል። ስድስት ሽምብራ አያይዘን ሳይክሎሄክሴንን (የስድስት ካርቦን ቀለበት ነው) ወንበር አስመስለን ሠርተናል። አንዱን ጫፍ ወደ ታች፣ ሌላውን ወደ ላይ ስታደርጉት አክሲያል (ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች የቆመ) የነበረው ሁሉ ኢኳቶሪያል (ወደ ጎን የወጣ) ይሆናል። ባለቤታቸው የተረፈውን ሽምብራ ቀቅለው ያቀርቡልናል፤ ቡናም አለ። ለዚህ የሚጠየቅ ተጨማሪ ብር የለም።

ጉድለቱንም ልናገር። ክፍሉ ይበርዳል፤ ወለሉ ሲሚንቶ ነው፣ ወፍራም ካልሲ ግዴታ ነው። መብራት በተደጋጋሚ ይጠፋል፣ ያኔ በስልክ ባትሪ ነው የምንማረው። ሰሌዳው ትንሽ ናት፤ ረጅም ሜካኒዝም (የሪአክሽን ደረጃ በደረጃ ሂደት) ሲሆን ግማሹ ሳይገለበጥ ይጠፋል። ለሴቶች ደግሞ ማታ ከዚያ ግቢ መውጣቱ ያስፈራል። አራት ሴቶች ነበርን፣ ባጃጅ ተጋርተን ነው የምንመለሰው። ሰዓቱን ወደ 11 ቢያመጡት ብዬ ነግሬያቸዋለሁ። "እስቲ አየዋለሁ" ብለዋል፤ እስካሁን ግን አልተለወጠም። ስፔክትሮስኮፒ (የሞለኪውልን አሠራር ከብርሃንና ከመሰል ጨረር ጋር ባለው ግንኙነት መለየት) ላይ ብዙም አይገፉም፤ እሱን ላይብረሪ ገብቼ ለብቻዬ ነው ያነበብኩት።

አንዳንድ ልጆች የድሮ ፈተና ከነመልሱ ይሰጡናል ብለው ይመጣሉ። ጋሼ መልስ አይሰጡም። "ሠርተሽ አምጪ" ነው የሚሉት፤ ሳይሠራ የመጣ ተማሪ ያን ቀን ዝም ብሎ ያዳምጣል እንጂ አይጠይቅም። ለፈተና ሁለት ሳምንት ሲቀረው ልግባ የሚል ሰው ብሩን ባያባክን ይሻለዋል። ሥራው ከታች ነው የሚጀምረው፤ እኔ እንኳ ሦስት ሳምንት ሙሉ ከቀስት አልወጣሁም ነበር።

ሁለተኛው ሚድ ላይ ከ30 23 አገኘሁ። መጨረሻ ላይ ቢ መጣ። ፖርታሉን የከፈትኩት ባጃጅ ውስጥ ነው። ወርጄ በእግሬ ተመልሼ ወደ ጋሼ ግቢ ሄድኩ። በሩን የከፈቱልኝ ባለቤታቸው ናቸው፤ ፊቴን ሲያዩ ገና ሳልናገር እልል አሉ።

ስልካቸውን እዚህ አልጽፍም፣ አልፈቀዱልኝም። ጠባሴ አካባቢ ያለ የኬሚስትሪ ተማሪ ብትጠይቁ ያሳያችኋል። ምዝገባው ሴሚስተሩ በተጀመረ በመጀመሪያው ሳምንት ነው፤ ስምንቱ ቶሎ ይሞላል። የወደቃችሁበትን ፈተና ይዛችሁ ሂዱ፤ ጓንትም አትርሱ።