የአባቴን ታሪክ በአባቴ አንደበት ለጻፈችልን እህት፦ እግዚአብሔር ይስጥልን!

አባዬ የድሬዳዋ ልጅ ነው። በ1956 ዓ.ም. በ19 ዓመቱ ምድር ባቡር ተቀጠረ። በ1992 ጡረታ እስኪወጣ ድረስ ድሬ ካለው የጥገና ወርክሾፕ አልተለየም። 36 ዓመት ከፉርጎና ከሐዲድ ጋር! ታሪኩ መጽሐፍ ሆኖ እንዲወጣ የእኔም የወንድሞቼም ምኞት ነበር። እዚህ እስክንደርስ ግን ያየነውን እኛ ነን የምናውቀው።

መጀመሪያ ያገኘነው ሰው የክፍያውን ግማሽ ቀብድ ተቀብሎ ስምንት ወር ጠፋ። ስንደውል "እየጨረስኩ ነው" ይላል። በመጨረሻ ያመጣው ጽሁፍ ውስጥ አባዬ የለም። "የወጣትነት ዘመኔ እንደ ጅረት ፈሰሰ" ይላል። አባዬ በሕይወቱ እንዲህ ብሎ አያውቅም። ዓመተ ምህረቱም ተደበላልቋል፤ ባቡሩ ድሬ የደረሰው አንድ ገጽ ላይ በ1895፣ ሌላ ገጽ ላይ በ1902 ነው። አባዬ አነበበና መነጽሩን አውልቆ "የኔ አይደለም" ብሎ መለሰልኝ። ሁለተኛው ሰው ደግሞ አባዬን ሳያገኘው በስልክ ብቻ ልጻፈው አለ። ለገጽ ይህን ያህል፣ ለፎቶ ይህን ያህል፤ ወሬው ሁሉ ሂሳብ ነበር። ተውነው። ገንዘቡስ ይቅር። አባዬ ከዚያ በኋላ ስለ መጽሐፍ ሲነሳ ዝም ማለቱ ነው ያንገበገበኝ።

ይህችን ልጅ የጠቆመችኝ የስራ ባልደረባዬ ናት። በግሏ የምትሰራ ጸሐፊ ናት። ልቦለድ አትጽፍም። እውነተኛ ታሪክ ብቻ፣ ለአዋቂም ለልጆችም። የአባዬንም ታሪክ በሁለት መጽሐፍ ጻፈችው፣ አንዱ ለትልልቆች፣ አንዱ ለልጆች።

ቤት የመጣች ቀን አባዬን "አንቱ" አለችው። "አንተ በዪኝ፣ የድሬ ልጅ ነኝ እኮ" አላት። ሳቀችና ደብተሯ ላይ ጻፈችው። አሁን መጽሐፉ ውስጥ አለቃውም ሰራተኛውም አንተ ይባባላል፣ ልክ እንደ ድሬ። የፊተኛው ሰው ሁሉንም "አንቱ" አድርጎት ነበር። የወርክሾፑ ጩኸት የአባዬን ቀኝ ጆሮ ጎድቶታል። ማንም ሳይነግራት በሁለተኛው ቀን ወንበሯን አንስታ በግራው በኩል ተቀመጠች።

እስከ ዛሬ የማልረሳው ግን ሌላ ነው። አንድ ከሰዓት አባዬ ሐዲድ ላይ አደጋ ደርሶበት ስለሞተው የልብ ጓደኛው ማውራት ጀመረ። መሀል ላይ ድምፁ ተቆረጠ። እኔ ቡና እያፈላሁ ነበር። ልጅቷ ስልኳን አነሳችና መቅጃውን አጠፋች። እስክሪብቶዋን ደብተሩ ውስጥ አድርጋ ዘጋችው። አንድም ጥያቄ አልጠየቀችም። አቦል፣ ቶና፣ በረካ አብራው ጠጣች። ስለ ድሬ ሙቀት፣ ስለ ከዚራ ዛፎች አወሩ። ሊመሽ ሲል አባዬ ራሱ "በይ ክፈችው" አላት። እኔ ልጁ፣ በ45 ዓመቴ፣ ሰምቼው የማላውቀውን ታሪክ ያን ቀን ሰማሁ። ስትወጣ "ይህ መጽሐፉ ላይ ይግባ?" ብላ ጠየቀችው። "ለትልልቆቹ ጻፊው፣ ለልጆቹ ተይው" አለ። እንዳለው አደረገች።

ዓመቶቹን እንዴት እንዳጣራች አልገባኝም፤ ብቻ ብዙ ቀን ከመዛግብት ጋር ነበረች። ለካ ሁለቱም ቁጥር ልክ ነው! 1895 በእኛ፣ 1902 በፈረንጆቹ። ያ ሰውዬ የትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ሳይጽፍ ነው ያደበላለቀብን። አባዬ አዲሱን ረቂቅ እርሳስ ይዞ ነው ያነበበው። ሁለት የባልደረቦቹን ቅጽል ስም አረመ። ሌላ ምንም አልነካም።

የልጆቹን መጽሐፍ ደግሞ ከመጀመሯ በፊት ልጆቼን ምን ማወቅ እንደሚፈልጉ ጠየቀቻቸው። ትንሿ "ባቡሩ ለምን ሐረር አልሄደም?" አለቻት። የመጀመሪያው እቅድ በሐረር በኩል ለማለፍ ነበር። ተራራው አስቸጋሪ፣ ወጪውም ከባድ ሆነና ሐዲዱ ከታች ሜዳውን ይዞ አለፈ። ድሬዳዋም በዚሁ ምክንያት ተቆረቆረች። ጸሐፊዋ ይህን ሁሉ "ባቡር ዳገት አይወድም" ብላ ጀመረችው። ልጄ መኪናችን ዳገት ላይ ባቃሰተች ቁጥር ይህንኑ ትላለች። ባለቤቴ የአዲስ አበባ ልጅ ሆኖ ለገሃር የሚለው ስም "ባቡር ጣቢያ" ከሚለው የፈረንሳይኛ ቃል እንደመጣ ያወቀው ከዚህ የልጆች መጽሐፍ ነው። ረቂቁን ለልጆቹ ጮክ ብላ አነበበችላቸው። ዓይናቸው ወደ ቴሌቪዥኑ የሄደበትን ቦታ ሁሉ ምልክት አድርጋ በኋላ ቆረጠችው። እንዲህ የሚለፋ ሰው አይቼ አላውቅም።

እህቴ፣ ብዕርሽ ይባረክ። እድሜና ጤና ይስጥሽ። አባቴን መልሰሽ አስወራሽልኝ።

እናትና አባታችሁ፣ አያቶቻችሁ በሕይወት ያሉላችሁ እባካችሁ ነገ ዛሬ አትበሉ። አስጽፉላቸው። ለእሷ ስጧት፣ አታሳፍራችሁም። ስልኳን አደባባይ ላይ እንዳላወጣው ስለነገረችኝ የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ፈቅዳልኛለች። በአንድ ጊዜ የአንድ ቤተሰብ ስራ ብቻ ስለምትይዝ ወረፋ ትጠብቃላችሁ። ጠብቁ።