የናፍጣ ግፊት ጌጅ፦ ከ8 ወር በኋላ

ጭኜ ዳገት ስጀምር መኪናዬ ጉልበት ያጣ ነበር። ሜዳ ላይ ግን ምንም አይለው። ያየው መካኒክ «ከፍተኛ ግፊት ፖምፓው አልቋል፣ ይቀየር» አለኝ። የሞተሩ ውድ ዕቃ ነውና ሳይለካ አይነካም ብዬ ይህን ጌጅ ገዛሁ።

እስከ 10 ባር የሚያነብ፣ ግሊሰሪን የተሞላ ጌጅ ነው። 2 ሜትር ቱቦና የተለያዩ ማገናኛዎች አሉት። የሚለካው ዝቅተኛውን ግፊት ነው፤ መጋቢ ፖምፓው ከሰልባትዮ (ከናፍጣ ታንከሩ) ስቦ፣ በፊልትሮ (በማጣሪያው) አሳልፎ ለከፍተኛ ግፊት ፖምፓው የሚያቀብለውን ማለት ነው።

የመጀመሪያ ቀን ሚኒሞ ላይ፣ ማለትም ነዳጅ ሳይረገጥ ሞተሩ ዝም ብሎ ሲዞር፣ 5 ባር አነበበ። ለእኔ ሞተር ጤነኛ ቁጥር ነው። እዚያ ላይ ባቆም ኖሮ ፖምፓዬን በከንቱ ቀይሬ ነበር። ሚኒሞ ላይ ሞተሩ የሚፈልገው ናፍጣ ትንሽ ነው፤ የታመመ መስመርም ያንን ያህል አያቅተውም። ስለዚህ ጌጁን ከውጭ በኩል መስታወቱ ላይ በፕላስተር አሰርኩት። ናፍጣ የያዘ ቱቦ ካቢና ውስጥ አይገባም፤ ይህን አደራ እላለሁ። ጭኜ ዳገቱን ስረግጠው ጠቋሚው ከ2 ባር በታች ወረደ። ደግሞ ይንቀጠቀጣል።

ከዚያ ከፊልትሮው በፊትም በኋላም ለካሁ። ከፊልትሮው በፊት ከፍ ብሎ ከኋላው ቢወርድ ኖሮ ፊልትሮው ተደፍኗል ማለት ነበር። የእኔ ግን ሁለቱም ጋ ዝቅ አለ። ስለዚህ ወይ መጋቢ ፖምፓው ደክሟል፣ ወይ ከእሱ በፊት ያለው መስመር ችግር አለበት። መሳቢያው ላይ ብርሃን የሚያሳልፍ ቱቦ ስገጥም አረፋ ሲሮጥ አየሁ። ሰልባትዮው አጠገብ፣ ፋሸታው (የቱቦው ማሰሪያ) ስር፣ ጎማ ቱቦው ተሰንጥቋል። ሞተሩ ሲሠራ በመሳቢያ በኩል ያለ ስንጥቅ አየር ይስባል እንጂ ናፍጣ አያንጠባጥብም። ከስር ደረቅ ሆኖ ሁላችንንም ያሳተን ይህ ነው። ቱቦው ተቀየረ፣ አየሩ ወጣ፣ ያው ዳገት ላይ ግፊቱ ከ4 ባር አልወረደም። የተፈረደበት ፖምፓ እስከ ዛሬ ይሠራል።

እንከንም አለው። አብረውት የመጡት የመዳብ ሮንዴላዎች (ማገናኛው እንዳያፈስ የሚገቡ ቀለበቶች) ስስ ናቸው፤ ሁለተኛ ሲታሰሩ ያፈስሳሉ። በወፍራም ቀየርኳቸው። በ5ኛው ወር ከእጄ ወድቆ ጠቋሚው ዜሮ ላይ መመለሱን ትቷል፤ ባዶውን 0.2 ባር ያሳያል። ሳነብ እቀንስለታለሁ። ቱቦው ግን አንድም ቀን አላስቸገረኝም።

ከፍተኛውን ግፊት አይለካም። ኮመን ሬይል (ለኢንጄክተሮቹ ናፍጣ የሚያከፋፍለው የጋራ ቧንቧ) ውስጥ ያለው ከ1000 ባር በላይ ይወጣል፤ እሱ በኮምፒውተር ነው የሚነበበው። የታዘዘውና የተገኘው ግፊት በጭነት ላይ ጎን ለጎን ይታያል። ሞተር እየሠራ የኢንጄክተር (ናፍጣ ወደ ሞተሩ የሚረጨው ዕቃ) ቧንቧ ፈትቶ ማየት ግን በፍጹም! በዚያ ግፊት የሚወጣ ናፍጣ ቆዳ በስቶ ይገባል። ቀዳዳው የመርፌ ጫፍ ቢያህልም ወዲያው ሐኪም ቤት ነው።

አሁን ፊልትሮ በቀየርኩ ቁጥር በጭነት ላይ አንዴ ለክቼ ቁጥሩን ፊልትሮው ላይ በማርከር እጽፋለሁ። ባለፈው ሳምንት የጻፍኩት 4.6 ነው።