ለእማዬ ቤት የደረሰልን የታውንሺፕ ቢሮ (ቺካጎ ዳርቻ ያላችሁ አንብቡት)

ወገኖቼ፣ በተለይ ከቺካጎ ወጣ ብላችሁ ቤት የገዛችሁ፣ በዕድሜ የገፉ እናትና አባት ያሏችሁ፣ ጊዜ ስጡኝና አንብቡልኝ። ምስጋናም ነው፣ ጥቆማም ነው።

አባቴ ካረፈ በኋላ ፕሮፐርቲ ታክሱ፣ የቤቱ ግብር ማለቴ ነው፣ የእማዬን እንቅልፍ ነሳት። ቤቱን የገዛው ታክሲ እየነዳ ነው። ሌሊት ሌሊት እየሠራ፣ ቀን እየተኛ። ጓሮው ውስጥ ጎመንና ጤና አዳም የተከለው እሱ ነው። እማዬ ከዚያ ቤት መውጣት ማለት እሱን ሁለተኛ መቅበር ነው ብላ ታስባለች። ታክሱ ግን በየጊዜው ይጨምራል፣ የእሷ ገቢ ደግሞ ያው ነው።

ዕድሜዋ 65 ካለፈ ቆይቷል። ቺካጎና ዙሪያዋ ባሉበት ኩክ ካውንቲ ውስጥ 65 ዓመት የሞላውና በገዛ ቤቱ የሚኖር ሰው ሲኒየር ኤግዘምፕሽን የሚባል ቅናሽ አለው። የእሷ የታክስ ወረቀት ላይ ግን የለም። ወረቀቱም የሚመጣው በአባቴ ስም ብቻ ነበር።

እዚህ ላይ ነው መከራችን የጀመረው። መጀመሪያ የሄድንበት ቦታ ያለችው ሠራተኛ ቀና ብላ እንኳን አላየችንም። «ሚስቱ ከሆነች ለምን ስሙን አልያዘችም?» አለችኝ። አስረዳኋት። እናቴ የምትጠራው በአባቷ ስም ነው፣ እኔ ደግሞ በአባቴ ስም፣ አባቴ በአያቴ ስም። አንድ ቤት ውስጥ ሦስት ዓይነት «ላስት ኔም» ማለት ነው። ሴትዮዋ አጭበርባሪ እንደያዘች ሁሉ ፊቷን አጠቆረች። ስሙ የተለወጠበትን የፍርድ ቤት ወረቀት አምጡ አለችን። ያልተለወጠ ስም ምን ወረቀት አለው? እማዬ እዚያ ምንም አልተናገረችም። መኪና ውስጥ ስንገባ ግን «በስተርጅና ሚስትነቴን ላስመስክር?» አለች። ይህን ሳስበው ዛሬም ይከነክነኛል።

ከዚያ ደግሞ ታክስ አስቀንሳለሁ የሚል ሰውዬ ሰዎች ጠቆሙን። ቀብድ ተቀበለ። ስልኩን ማንሳት አቆመ። ስለ እሱ ከዚህ በላይ ብናገር አፌ ይቆሽሻል።

በመጨረሻ አንዲት የቤተ ክርስቲያን እህት «ታውንሺፕ ቢሮ ለምን አትሄዱም?» አለችኝ። እውነት ለመናገር ታውንሺፕ የሚባለውን ነገር ከዚያ በፊት ሰምቼው አላውቅም። እኛ የኖርነው ቺካጎ ከተማ ውስጥ፣ ሮጀርስ ፓርክ ነበር፤ ከተማው ውስጥ ደግሞ የሚሠራ የታውንሺፕ ቢሮ የለም። ከከተማው ስትወጡ ግን አለ። ኢሊኖይ ውስጥ ከ102 ካውንቲዎች 85ቱ በታውንሺፕ የተከፋፈሉ ናቸው። ከመንደሩ መዘጋጃ ቤት የተለየ፣ የራሱ ተመራጮች ያሉት ትንሽ መንግሥት ነው። ሱፐርቫይዘር (ኃላፊው)፣ ክለርክ (ጸሐፊው)፣ አሴሰር (የቤት ግምት ጉዳይ የሚይዘው)፣ አራት ትረስቲዎች (የቦርድ አባላት) አሉት። እማዬ ይህን ስነግራት «ቀበሌ ነዋ!» አለች። ቀበሌ ስትል ደግሞ «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ነው፣ ነገ ነይ» የሚለው ትዝ ብሏት ልብሷን ሳትለብስ ተቀመጠች። ለምኜ ነው ያስነሳኋት።

ስንገባ ሰልፍ የለም። አንዲት ጠና ያለች ሠራተኛ ተቀበለችን። እንደለመድኩት ችግሩን መዘርዘር ስጀምር ወንበሯን ወደ እማዬ አዞረችና በቀስታ፣ ዓይን ዓይኗን እያየች «ቤቱ የርስዎ ነው?» ብላ ጠየቀቻት። እኔን አይደለም። እሷን! ወረቀቶቹን ገለጥ ገለጥ አደረገችና ዲዱን፣ የቤቱን የባለቤትነት ሰነድ፣ አወጣች። ከዚያ ያለችውን አልረሳውም፦ «እናንተ አገር ሴት ስታገባ የአባቷን ስም እንደያዘች ትቀጥላለች አይደል? ጎረቤቶቼ ሐበሾች ናቸው። ደግሞ ሚስትም ትሁን እህት ለዚህ ጉዳይ ለውጥ የለውም። ስሟ ዲዱ ላይ አለ፤ ባለቤት ናት። አለቀ።»

አለቀ! ስንት ቦታ ያለቀስንበት ነገር በዚህች ቃል አለቀ። ስተረጉምላት እማዬ ተነስታ «ልጄ፣ እጅሽ ይባረክ» ብላ እጇን ሳመች። ልጅቷም፣ ልጅ ልበላት እንጂ አያት ሳትሆን አትቀርም፣ እንባዋን ጠረገች።

ቅጹን እዚያው ሞላችልን። ያለፈውንም ቢሆን ሰርተፊኬት ኦፍ ኤረር (የስህተት ማረሚያ) በሚባል መንገድ እስከ ሦስት ዓመት ወደ ኋላ ማስመለስ እንደሚቻል የነገረችን እሷ ናት። አሠራሩን አትጠይቁኝ። 8,000 ዶላር ከሆነ ቁጥር ላይ ይቀነሳል፣ ያ ቁጥር ግን ታክሱ ራሱ አይደለም፣ በሌላ ነገር ይባዛል... አዞረኝ። የማውቀው የካውንቲው ቼክ እማዬ ስም ላይ መምጣቱን ነው። በራሷ ስም፣ በአባቷ ስም!

ክፍያ? ምንም። እማዬ ድፎ ዳቦ ደፍታ ብትወስድ እንኳን ለራሴ መቀበል አይፈቀድልኝም ብላ ለመላው ቢሮ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችው። ስሟን እንድጽፍም አልፈለገችም፤ ሥራዬ ነው አለች። ሥራቸው የሆነውን ስንቱ አይሠራውም!

ቁጭ ብለን ስናወራ ደግሞ የማናውቀው ስንት ነገር አለ። ሌላ እርዳታ የማያገኝ ችግረኛ ጀነራል አሲስታንስ የሚባለውን የመተዳደሪያ ድጋፍ የሚጠይቀው ከታውንሺፕ ነው። ብዙዎቹ የምግብ ማከፋፈያ አላቸው፤ ለአረጋውያን መጓጓዣ፣ ዊልቸርና ምርኩዝ የሚያውሱም አሉ። እንደየቦታው ይለያያልና ደውላችሁ ጠይቁ። በየዓመቱ ሚያዝያ ውስጥ፣ በፈረንጆቹ አፕሪል ሁለተኛው ማክሰኞ፣ ነዋሪው ራሱ እጁን አውጥቶ የሚወስንበት ስብሰባም አለ። የተመዘገበ መራጭ መሆን ብቻ ነው።

ነጻ ነው ስላችሁ ደግሞ ምጽዋት እንዳይመስላችሁ። የታክስ ወረቀታችሁን ዝርዝር እዩት፤ የታውንሺፑ ስም አለ፣ ለጀነራል አሲስታንስና ለመንገድ የምትከፍሉትም ለየብቻ ተጽፏል። እየከፈላችሁበት ነው! ኢቫንስተን ያላችሁ ብቻ የእናንተው እ.ኤ.አ. በ2014 በሕዝብ ድምፅ ፈርሷል፤ ሥራውን የያዘው ከተማው ነው።

እባካችሁ፣ እባካችሁ ለቀብድ ሰብሳቢ ገንዘብ አትስጡ። መታወቂያ፣ የታክስ ወረቀትና ዲድ ይዛችሁ ሂዱ። ባለቤት የሞተባችሁ የሞት ሰርተፊኬቱንም ያዙ። እናታችሁንም ይዛችሁ ሂዱ፤ በእሷ ፈንታ ሳይሆን ከእሷ ጋር። ገቢያቸው አነስተኛ ለሆነ አረጋውያን ሲኒየር ፍሪዝ የሚባል፣ ታክሱ የሚሰላበት የቤቱ ግምት እንዳይጨምር የሚያደርግ ሌላም አለ፣ እሱ ግን በየዓመቱ ይሞላል። ቅጹ ፖስታ ሳጥን ውስጥ ሲመጣ ከማስታወቂያ ጋር አብራችሁ እንዳትጥሉት።