ለፈረንጅ አራዳዋ የላቦራቶሪ ባለሙያ ምስጋና፣ ለእህቶቻችን ጥቆማ

ጅማ ላይ በሴቶች ጤና የምንሠራ አዋላጆች ነን። ፈረንጅ አራዳ በኩል ባለች ትንሽ የግል ላቦራቶሪ ደም የምትወስደውን ባለሙያ ከልብ እናመሰግናታለን። ስሟን ስላልጻፍን፣ አድራሻውን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጠይቁን።

መርፌ ከማንሳቷ በፊት በኦሮምኛም በአማርኛም ትጠይቃለች፦ «የወር አበባሽ መቼ ጀመረ? የወሊድ መከላከያ ትጠቀሚያለሽ? ለፀጉር ብለሽ የምትውጪው ቫይታሚን አለ? ዛሬ ቡና ቀምሰሻል?» መልሱን ከማዘዣው ጀርባ ትጽፈዋለች። ለፒሲኦኤስ (የሆርሞንና የእንቁላል እጢ መዛባት) ምርመራ ይህ ማስታወሻዋ ከመሣሪያው አያንስም።

ነገሩ እንዲህ ነው። እንቁላሏን የያዘችውን ትንሽ ከረጢት፣ ፎሊክልን፣ ሁለት ዓይነት ሴሎች ከበዋታል። የውጭዎቹ፣ ቴካ የሚባሉት፣ የኤልኤች (ከአንጎል ሥር ካለች እጢ የሚመጣ ሆርሞን) ተቀባይ አላቸው፤ ኤልኤች ሲደርሳቸው አንድሮጅን (የወንድ የሚባለውን ሆርሞን) ይሠራሉ። የውስጦቹ፣ ግራኑሎሳ የሚባሉት፣ በኤፍኤስኤች (ከዚያችው እጢ የሚመጣ ሌላ ሆርሞን) ተቀባያቸው እየታዘዙ ያንን አንድሮጅን ወደ ኤስትሮጅን (የሴት ሆርሞን) ይለውጡታል። ቴካ የኢንሱሊን ተቀባይም አለው። ጡንቻ ኢንሱሊንን አልሰማ ሲል ቆሽት አብዝቶ ይለቃል፤ ትርፉ ኢንሱሊን ደግሞ ቴካ ላይ ኤልኤችን ያግዘዋል። በዚያ ላይ ጉበት ቴስቶስትሮንን (ዋናውን አንድሮጅን) አስሮ የሚይዘውን ፕሮቲን ይቀንሳል። ብጉሩና የአገጭ ፀጉሩ ከዚህ ይመጣል። ፎሊክሎቹም ሳያድጉ፣ ከ2 እስከ 9 ሚሊ ሜትር ላይ ይቆማሉ። በአልትራሳውንድ የሚታዩት እነሱ ናቸው፤ «ውሃ የቋጠረ እብጠት አለሽ» ተብላ የምትደነግጥ ሴት ይህን ብታውቅ እንዴት ደስ ባለን!

አሁን ወደ ጥያቄዎቿ። ኤልኤች በወሩ አጋማሽ፣ እንቁላል ሊወጣ ሲል፣ በተፈጥሮው ያሻቅባል። ስለዚህ የወር አበባ ከመጣ ከ2ኛው እስከ 5ኛው ቀን ቢለካ ይሻላል። የወሊድ መከላከያ ኪኒን ቴስቶስትሮንን ዝቅ ስለሚያደርግ፣ አንድሮጅን ለመለካት ቢያንስ 3 ወር መቋረጥ አለበት፤ ያኔም በሐኪም ምክርና በሌላ መከላከያ ነው። ብዙዎች ሳይጠይቁ የሚዘሉት ግን ባዮቲን የተባለውን ቫይታሚን ነው። ፒሲኦኤስ ያለባት ሴት ፀጉሯ ሲሳሳ የምትገዛው ቫይታሚን ብዙ ጊዜ ይኸው አለበት፤ በአንዳንድ መሣሪያዎች ላይ ቴስቶስትሮንን ከፍ፣ ቲኤስኤችን (የአንገት እጢን፣ ታይሮይድን፣ የሚያዘውን ሆርሞን) ደግሞ ዝቅ አድርጎ ያሳያል። ባዮቲን የወሰደችውን ሴት ባለሙያዋ አቋርጣው ከ3 ቀን በኋላ እንድትመለስ ትቀጥራታለች። ገቢ ቢቀርባትም ትቀጥራታለች፤ የምናከብራትም ለዚህ ነው።

ከአጋሮ በሚኒባስ ተንገላታ የመጣችውን ሴት ፕሮላክቲን (ጡት ወተት እንዲሠራ የሚያዝ ሆርሞን) ከመለካቷ በፊት አስቀምጣ ታሳርፋታለች፤ ጭንቀት ብቻውን ፕሮላክቲንን ከፍ ያደርጋልና። የስኳር ምርመራው 8 ሰዓት ያህል መጾም፣ 75 ግራም ግሉኮስ መጠጣት፣ ከዚያ 2 ሰዓት ቁጭ ማለት ነው። በመሃል «ገበያ ደርሼ ልምጣ» ቢሏት አትፈቅድም። ጅማ ላይ ጠዋት ቡና ሳይቀምሱ መውጣት ከባድ መሆኑ ይገባናል፤ ግን ስኳር ያለበት አንድ ስኒ ምርመራውን ያበላሸዋል።

ፒሲኦኤስ የሚባለው የወር አበባ መዛባት፣ የአንድሮጅን መብዛት እና የአልትራሳውንዱ ምስል ከሚባሉት ሦስቱ ሁለቱ ሲገኙ፣ የታይሮይድና የፕሮላክቲን ችግር አለመኖሩም ሲረጋገጥ ነው። ለአፍላ ልጃገረዶች አልትራሳውንዱ ለዚህ አይቆጠርም።

ስትሄዱ ጠዋት፣ ሳትቀምሱ፣ የምትወስዱትን መድኃኒት ሁሉ በፌስታል ይዛችሁ ሂዱ። ሐኪም ጋ ስትቀርቡም የማዘዣውን ጀርባ ገልብጣችሁ አሳዩ።